ቢትልስ የወደቁበት ፈተና፦ የአንድ ተራ ቴፕ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ሥራዬ ድምጽ መቅዳት ነው። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ባንድ አዲስ ዘፈን ሊቀዳ ስቱዲዮ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት የሠሩትን ዴሞ፣ ማለትም የናሙና ቅጂ፣ በፍላሽ ይዘዋል። ልስማው ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። «ኧረ ተወው፣ ያሳፍራል» አለኝ ድምጻዊው። ሊያጠፉት አስበው ነበር።

እንዳያጠፉት ለመንኳቸው። ከዚያ አንድ የ1962 ቅጂ ከፈትኩ። እነማን እንደሆኑ አልነገርኳቸውም። ሁለት ዘፈን እንደሰሙ ድራመራቸው «ደህና ናቸው፤ ግን ምንም የተለየ ነገር የላቸውም» አለ። የተጫወቱት ቢትልስ ነበሩ።

ልጁ አልተሳሳተም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚያ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቴፕ ሁለት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንዱ ወሬ ቢትልስን ፈትኖ የጣላቸው የእንግሊዙ ሸክላ አሳታሚ፣ የዴካ ኩባንያ፣ ሰዎች ጆሮ አልነበራቸውም ይላል። ሌላው ደግሞ ቴፑ ውስጥ ማንም ያላየው ወርቅ ተቀብሯል ይላል። እኔ ቴፑን ለዓመታት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሁለቱንም አልቀበልም። ቴፑ ተራ ነው። ለእኛ ለሙያተኞቹ የሚጠቅመው ደግሞ ተራ በመሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ያው ባንድ እዚያ ቴፕ ላይ ካሉት ዘፈኖች ሁለቱን እንደገና ቀድቷል። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጎ ምን እንደተለወጠ በጆሮ መለየት ይቻላል። እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሰዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ስማቸውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስሙ ሲጠራ ዝናው አብሮ ይመጣና ጆሮን ይጋርዳል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

በ1961 መጨረሻ ባንዱ አራት ልጆች ነበሩት። ሪትም ጊታር የሚጫወተው 21 ዓመቱ ነው። ድራመሩ 20፣ ቤዝ ጊታሪስቱ 19፣ ሊድ ጊታሪስቱ ገና 18።

በዕድሜ ልጆች ይሁኑ እንጂ በሥራ ጀማሪዎች አልነበሩም። በ1960 እና በ1961 ጀርመን ሀምቡርግ ሄደው በምሽት ክለቦች ለወራት ሠርተዋል። እዚያ በአንድ ሌሊት አራት አምስት ሰዓት መድረክ ላይ መቆም የተለመደ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያን ያህል ሰዓት ለመሙላት ያገኙትን ዘፈን ሁሉ መጫወት ነበረባቸው። ወደ ከተማቸው ሊቨርፑል ሲመለሱም ካቨርን በሚባል ምድር ቤት ክለብ፣ በምሳ ሰዓት ሳይቀር፣ ይጫወቱ ነበር። ቤቱ ጠባብና የታፈነ ነው። ወጣቱ ግን ይወዳቸዋል።

ከዚያ በፊትም ድምጻቸውን ቀድተዋል። በ1958 ሦስቱ ልጆች ሌላ ስም በነበረው ባንድ ውስጥ ሆነው ሊቨርፑል በሚገኝ አንድ ትንሽ የቤት ስቱዲዮ ሁለት ዘፈን ቀድተዋል። ክፍያው 17 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ነበር። ያገኙት አንዲት ሸክላ ብቻ ነው፤ እሷንም በየተራ ቤታቸው እየወሰዱ ነበር የሚሰሟት። በጁን 1961 ደግሞ ሀምቡርግ ውስጥ ሌላ ድምጻዊ አጅበው ቀዱ። ሸክላው ጀርመን ውስጥ ሲወጣ በራሳቸው ስም እንኳን አልነበረም፤ «ዘ ቢት ብራዘርስ» ተብለው ነው የወጡት። ስለዚህ በራሳቸው ስም ትልቅ ኩባንያ ፊት ሲቀርቡ የዴካው የመጀመሪያቸው ነበር።

ወደዚያ ያደረሳቸው አዲሱ ሥራ አስኪያጃቸው ነው። 27 ዓመቱ ነው። የቤተሰቡን የሸክላ መደብር ያስተዳድራል። በኖቬምበር 9, 1961 ካቨርን ወርዶ አያቸውና ልቡ እዚያው ቀረ። ባንድ አስተዳድሮ አያውቅም። አንድ ነገር ግን ነበረው። መደብሩ ብዙ ሸክላ ስለሚሸጥ የለንደን ኩባንያዎች ሲደውልላቸው ስልኩን ያነሳሉ። በዲሴምበር 13 የዴካ አንድ ወጣት ፕሮዲውሰር፣ ማለትም ቅጂ የሚመራ ሰው፣ ሊቨርፑል ድረስ መጥቶ ካቨርን ውስጥ አያቸው። ወደዳቸው። ለንደን ኑና እንሞክራችሁ አለ።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ። ሰውየው መድረክ ላይ አይቷቸው ወዷቸዋል።

ችግሩ፦ አንድ ቀን፣ 15 ዘፈን

ቀጠሮው ለጃንዋሪ 1, 1962 ሆነ። ያኔ በእንግሊዝ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን እንደኛ እንቁጣጣሽ የሚከበር የዕረፍት ቀን አልነበረም፤ የሥራ ቀን ነው። ልጆቹ በዋዜማው ዕቃቸውን ቫን ላይ ጭነው ተነሱ። ከሊቨርፑል ለንደን 340 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረዶ ይጥላል። መንገድ ጠፋባቸው። አሥር ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ሥራ አስኪያጁ ለብቻው በባቡር ሄደ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ምዕራብ ሃምፕስቴድ የሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ደረሱ። ፕሮዲውሰሩ የለም። በዋዜማው ሲዝናና አምሽቶ አርፍዷል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓት አክባሪ ሰው ነበርና ተናደደ። ልጆቹም ብርድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ፍርሃታቸው ባሰ።

ከዚያ የአምፕሊፋየሩ (ባጭሩ አምፕ፣ የጊታሩን ድምጽ የሚያጎላው መሣሪያ) ነገር መጣ። ይዘዋቸው የመጡት አምፖች ለስቱዲዮ አይሆኑም፣ በእኛ ተጫወቱ ተባሉ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል። ለተጫዋች ግን ትንሽ አይደለም። ጊታሪስት ከአምፑ ጋር ይግባባል። የትኛው ቁልፍ ስንት ላይ ሲሆን ምን እንደሚያወጣ ጣቱ ያውቀዋል፤ ክሩን ምን ያህል መምታት እንዳለበት የሚወስነውም ተመልሶ የሚመጣለትን ድምጽ ሰምቶ ነው። የማያውቀው አምፕ ስትሰጠው እጁ ይጠነቀቃል። የተጠነቀቀ እጅ ደግሞ ሮክ አይጫወትም። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ጎበዝ የሚባል ልጅ በሰው አምፕ ሲጫወት ክሩን የሚፈራው ይመስላል።

በዚህ ሁኔታ 15 ዘፈን ቀዱ። ሁሉም አንድ ላይ እየተጫወቱ፣ እየዘፈኑ፣ በድምጹ ላይ ሌላ ድምጽ ሳይደረብ ነው የተቀዳው። ቆም ብሎ ሰምቶ፣ አርሞ፣ እንደገና መሞከር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ከ15ቱ 12ቱ የሌላ ሰው ዘፈኖች ናቸው። ሦስቱ ብቻ የራሳቸው ነበሩ። ምርጫው የተዘበራረቀ ነው። ከዲትሮይት የመጣው «መኒ» አለ። ከአሜሪካ የሙዚቃ ቲያትር የተወሰደው «ቲል ዜር ዎዝ ዩ» አለ። «ቤሳሜ ሙቾ» አለ። በቀልድ የሚዘፈን የድሮ ዘፈንም አለ። ምርጫው ላይ የሥራ አስኪያጁ እጅ እንደነበረበት የባንዱ ሰዎች በኋላ ተናግረዋል። ሐሳቡ ይገባኛል። ኩባንያው ሁሉን የሚችል ባንድ ነው እንዲል ነው። ቤዝ ጊታሪስቱ ሰባት ዘፈን መራ። ሪትም ጊታሪስቱ አራት፣ ሊድ ጊታሪስቱ አራት። ለአድማጭ ግን ሦስት ድምጻዊ፣ አምስት ዓይነት ስልት፣ በአንድ ጊዜ።

ቴፑ ላይ የሚሰማው

ጥሩ ማዳመጫ አድርጋችሁ «ቲል ዜር ዎዝ ዩ»ን ስሙት። ቤዝ ጊታሪስቱ ነው የሚዘፍነው። ድምጹ ይንቀጠቀጣል። ቃላቱን ከሚገባው በላይ ያጠራል፤ ክፍል ውስጥ ተነስተህ አንብብ እንደተባለ ተማሪ። ጊታሩ ላይ ሶሎው ሲደርስ አንዳንዱ ኖታ ይዘልላል፣ አንዳንዱ ይታፈናል። ልጁ ዜማውን ያውቀዋል። ካቨርን ውስጥ ስንቴ ተጫውቶታል። እዚህ ግን ከጣቱ ጋር እየታገለ ነው።

«መኒ» ደግሞ ጉልበት የሚፈልግ ዘፈን ነው። መዝፈኑስ ይዘፈናል። ሪትም ጊታሪስቱ ይጮሃል። ጩኸቱ ግን ቀጭን ነው፤ ከበስተጀርባው የሚገፋው ነገር የለም። ድራሙ እኩል ይሄዳል። ስህተት የለበትም። የትም ቦታ ላይ ግን ዘፈኑን አንስቶ ወደፊት አይወረውረውም። አንዱን ዘፈን የመታበትን መንገድ ሌላው ላይ ትሰሙታላችሁ። ለክለብ ይሄ በቂ ነው። ሰው ይጨፍራል፣ ይጮሃል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ጎዶሎውን ይሞላዋል። ቴፕ ላይ ጎዶሎውን የሚሞላ ሰው የለም።

ቀልድ ያለበትን ዘፈን መስማት ለእኔ ይከብደኛል። ካቨርን ውስጥ የሚያስቅ ነገር ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ ሲደገም ያሳዝናል። የሚስቅለት የለም።

ጥሩ የምለውም አለ። ሦስቱ ድምጾች አንድ ላይ ሲገቡ ይገጥማሉ። ለዓመታት አብሮ የዘፈነ ሰው ትንፋሹ ይታወቃል። ሦስቱ የራሳቸው ዘፈኖች ደግሞ፣ ልጅነት ቢበዛባቸውም፣ ሌላ ቦታ ሰምታችሁት የማታውቁት የዜማ መታጠፊያ አላቸው። ልብ ብሎ ለሰማ ሰው ቴፑ ላይ ያለው ምልክት እሱ ብቻ ነበር።

ውሳኔው

በዚያው ቀን ዴካ ሌላ ባንድም ፈትኗል። የለንደን አቅራቢያ ልጆች ናቸው። ለወጣቱ ፕሮዲውሰር ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ተባለ። ሁለተኛውን መረጠ። በፈተናው የተሻለ ስለተጫወቱ ነው፤ ቅርብ መሆናቸውም ሥራውን ያቀልለታል። ከሳምንታት በኋላ ለሊቨርፑሎቹ አይሆንም ተባለ።

ይህን ውሳኔ እንደ ዘመኑ ትልቅ ቂልነት አድርጎ ማውራት የተለመደ ነው። ፍርድ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ላንሳ። የተመረጠው ባንድ በኦክቶበር 1963 በእንግሊዝ የሸክላ ሽያጭ ዝርዝር አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው። ምርጫው ዕውር ምርጫ አልነበረም ማለት ነው። የጊታር ባንድ ዘመኑ አልፎበታል ብሏል የተባለው የዴካ ኃላፊም ይህን ቃል አልተናገርኩም እንዳለ ነው ያረፈው። ያው ሰው በ1963 ሊቨርፑል ውስጥ የሙዚቃ ውድድር ሲዳኝ አጠገቡ የተቀመጠው የቢትልስ ሊድ ጊታሪስት ስለ አንድ የለንደን ባንድ ነገረው። ሄዶ አስፈረማቸው። ሮሊንግ ስቶንስ ናቸው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። የዴካ ሰዎች ቴፑን በትክክል ሰምተዋል። የተሳሳቱት ቴፑ ባንዱን ይወክላል ብለው ሲያስቡ ነው። ወጣቱ ፕሮዲውሰር ሁለት ማስረጃ ነበረው፤ ካቨርን ውስጥ ያየውና ቴፑ ላይ የሰማው። ሁለቱ አልተስማሙለትም። ለምን እንዳልተስማሙ መጠየቅ ነበረበት። እሱ አንደኛውን ጣለው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሥራ አስኪያጁ ቴፑን አልደበቀውም። ይህ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁ ነው። የተጣለ ፈተና ቅጂ በእጁ ይዞ የለንደንን ኩባንያዎች በር ማንኳኳት ቀጠለ። ቴፕ ይዞ መዞር ግን አይመችም። ሁሉም ቢሮ ማጫወቻ የለውም፤ ሸክላ ማጫወቻ ግን አለው። ስለዚህ በፌብሩዋሪ 1962 ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ወዳለው የኤች ኤም ቪ መደብር ሄደ። እዚያ ፎቅ ላይ ከቴፕ ወደ ሸክላ የሚያስገለብጡበት ክፍል ነበር።

የሚገለብጠው ባለሙያ ሥራው ነውና ቁጭ ብሎ ይሰማል። የራሳቸው ዘፈኖች ሲደርሱ ጆሮው ቆመ። ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀ። እዚያው ሕንጻ ውስጥ ከሌላው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ፣ ከኢ ኤም አይ ጋር የተያያዘ የሙዚቃ አሳታሚ ቢሮ ነበረና ወደዚያ ላከው። አሳታሚ የሚፈልገው ዘፈን ነው፤ የዘፈን መብት። አሳታሚው ደግሞ ፓርሎፎን ከሚባለው የኢ ኤም አይ ቅርንጫፍ ፕሮዲውሰር ጋር አገናኘው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ኩባንያውን ያስደስታሉ ተብለው የተመረጡት 12 የሰው ዘፈኖች አንድም በር አልከፈቱም። በሩን የከፈቱት ሦስቱ ናቸው። በልጆቹ እጅ የተጻፉት፣ በዝርዝሩ መሐል እንደ ጭማሪ የገቡት። ቢትልስ ራሳቸው እነዚያን ሦስቱን በኢ ኤም አይ ቀድተው አላወጧቸውም። ለሌሎች ዘፋኞች ሰጧቸው። አንደኛው በ1963 እንግሊዝ ውስጥ ዘጠነኛ ደረጃ ደረሰ፤ ሌላው በ1964 ሃያኛ። ዘፈኖቹ ይሠሩ ነበር ማለት ነው። በዚያ ብርድ ቀን፣ በዚያ አምፕ፣ በዚያ ፍርሃት ነው ያልሠሩት።

በጁን 6, 1962 ልጆቹ ኢ ኤም አይ ስቱዲዮ ገቡ። እዚህም ያው የአምፕ ችግር ተነሳ። የቤዙ አምፕ ድምጹ ስለተበላሸ ለቅጂ አልሆነም። የስቱዲዮው ቴክኒሻኖች ግን በሌላ ተጫወት ብለው አልተዉትም። የራሳቸውን ስፒከርና ማጉያ አምጥተው፣ ሽቦ ቆርጠው በብየዳ አያያዙለት፤ እዚያው እሱ በለመደው ቤዝ፣ ለቤዝ የሚሆን ድምጽ ወጣ። ዴካም ኢ ኤም አይም ዕቃችሁ አይረባም ብለዋል። ሁለተኛዎቹ ግን ከዚያ ቀጥለው ምን እናድርግ ብለዋል።

ቅጂው በዚህ ቀንም አስደናቂ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ሥራው እንዳለቀ ፕሮዲውሰሩ ልጆቹን ወደ መቆጣጠሪያ ክፍል ጠርቶ ስለ ዕቃቸው፣ ስለ አዘፋፈናቸው ዘለግ ያለ ምክር ሰጣቸው። ከዚያ እናንተስ ያልወደዳችሁት ነገር አለ ብሎ ጠየቀ። ሊድ ጊታሪስቱ በፕሮዲውሰሩ ክራባት ላይ ቀልድ ጣለ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ፕሮዲውሰሩ የወደዳቸው ከሙዚቃው ይልቅ በዚያ ጨዋታቸው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ዴካ ውስጥ ማንም ቁጭ ብሎ አላናገራቸውም።

በድራሙ ላይ ግን ቅሬታ ነበረ። ፕሮዲውሰሩ ለቅጂ ጊዜ የስቱዲዮ ድራመር እንደሚያመጣ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። በኦገስት ባንዱ ድራመሩን አሰናበተ፤ ሌላ የሊቨርፑል ልጅ ተካ። አሰናባቹ ሥራ አስኪያጁ ሆነ፤ ሁለት ዓመት አብረውት የተጫወቱት ልጆች ፊት ለፊት አልነገሩትም። ለሙዚቃው የተሻለ ሊሆን ይችላል። የተደረገበት መንገድ ግን ዛሬም ሳስበው ቅር ይለኛል።

ያው ዘፈን፣ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ

በጁላይ 1963 ሁለተኛ አልበማቸውን ሲሠሩ «መኒ»ን እና «ቲል ዜር ዎዝ ዩ»ን እንደገና ቀዱ። አሁን ወጣቱን ባንድ ያሰማሁትን ንጽጽር ልግለጸው።

«መኒ» በፒያኖ ይጀምራል። የሚጫወተው ፕሮዲውሰሩ ራሱ ነው። ያ የሚደጋገም ከባድ ሐረግ ዴካ ላይ በጊታር ብቻ ነበር፤ እዚህ ፒያኖው ከታች ሲጨመርበት ወለሉ የወፈረ ይመስላል። አዲሱ ድራመር ትልልቆቹን ከበሮዎች ይመታል እንጂ በእኩል ምት ብቻ አያዘግምም። ዘፋኙ አሁን የሚደገፍበት ነገር አገኘ። ጩኸቱ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ ይመጣል። ዘፈኑ ያው ነው፤ ዘፋኙም ያው ነው።

በ«ቲል ዜር ዎዝ ዩ» ላይ ያደረጉት ተቃራኒውን ነው። ቀነሱለት። የኤሌክትሪክ ጊታሮቹን አስቀምጠው የናይለን ክር ባላቸው ጊታሮች ተጫወቱ። ድራመሩ ከድራሙ ተነስቶ ቦንጎ ያዘ። መጀመሪያ በጁላይ 18 ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም፤ በ30 ተመልሰው ያዙት። ዴካ ላይ ለአንድ ዘፈን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበራቸው፤ እዚህ ሁለት ቀን። ዘፋኙ ቃላቱን አያነብም፤ ይናገራቸዋል። ሶሎውን ስሙት። ያ ከጣቱ ጋር የሚታገለው ልጅ አሁን 20 ዓመቱ ነው፤ እያንዳንዱን ኖታ ሳይቸኩል አንድ በአንድ ያስቀምጣል።

ከዚያም በፌብሩዋሪ 9, 1964 አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ቀጥታ ሲቀርቡ ሁለተኛ የዘፈኑት ይህንኑ ዘፈን ነበር። 73 ሚሊዮን ሰው እንዳያቸው ተገምቷል። ዴካ ላይ የተንቀጠቀጠችው ዘፈን ናት።

የሠራውና ያልሠራው

ሁሉን እንችላለን ብሎ ሁሉን ነገር ማቅረብ አልሠራም። የተጫዋቹን ዕቃ ነጥቆ የስቱዲዮውን ማስያዝ አልሠራም። ከአሥር ሰዓት መንገድ በኋላ 15 ዘፈን በአንድ ቀን መፈተን አልሠራም።

ሰው መለወጥስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲሱ ድራመር እንደመጣ ሁሉ ነገር አልተቃናም። በሴፕቴምበር 1962 የመጀመሪያ ሸክላቸውን ሲቀዱ ፕሮዲውሰሮቹ እሱንም አላመኑትም። በሴፕቴምበር 11 የስቱዲዮ ድራመር አስመጡበትና እሱ ከበሮው አጠገብ ቆሞ ሌላ ትንሽ መሣሪያ ሲመታ ዋለ። ሸክላው በኦክቶበር 5 ወጥቶ ከ17ኛ ደረጃ አላለፈም። ለውጡ ፍሬ ያፈራው አብረው ወራት ከሠሩ፣ ክፍሉን ከለመዱ፣ ስቱዲዮውም እነሱን ከለመደ በኋላ ነው።

የሠራው ቴፑን ይዞ መዞር ነው። የራሳቸው ዘፈን ላይ ጆሮ የጣለ ሰው ማግኘት ነው። ዕቃው ሲበላሽ ሽቦ የሚቀጥል ቴክኒሻን ነው። ጊዜ ነው። አልሆነም ሲባል ከ12 ቀን በኋላ ተመልሶ መጀመር መቻል ነው።

ወደ ሌላ ሥራ የሚወሰድ

ከዚህ ጉዳይ በኋላ እኔ ራሴ ያስተካከልኩት አለ። አዲስ ባንድ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሰዓት አልቀዳም። ተጫወቱ እላለሁ፤ ሻይ እናስመጣለን። ያመጡትን አምፕ መጀመሪያ በማይክ እሞክረዋለሁ፤ ካልሆነ ብቻ ነው የኔን የማወጣው፤ ሳወጣም እስኪለምዱት ጊዜ እሰጣለሁ። ሆቴል ወይም ክለብ ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ሄጄ አያቸዋለሁ። መድረክ ላይ ያየሁትና ማይክ ላይ የሰማሁት ካልተስማሙ ጥፋቱን ከልጆቹ በፊት ክፍሌ ውስጥ እፈልጋለሁ።

ሰው ሲፈትንና ሲቀጥር ለሚውል አንባቢም ይኸው ይሠራል። የአንድ ሰዓት ፈተና የሚለካው ያንን ሰዓት ነው። ሰውየው ሌላ ቦታ ሲሠራ ያየው ካለ፣ የዚያ ምስክርነት ከፈተናው ወረቀት ጋር መቀመጥ አለበት እንጂ በእሱ መሰረዝ የለበትም።

የድሮ ቅጂን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። አታጥፉ። ከዴካ ቴፕ 15 ዘፈኖች አምስቱ በ1995 በይፋ አልበም ላይ ወጥተዋል። ባንዱ ራሱ አላፈረበትም። ቴፑ ባይኖር ኖሮ «መኒ» ላይ ፒያኖው ምን እንደጨመረ፣ ሁለት ቀን ለአንድ ዘፈን ምን እንዳደረገ በጆሮ የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ቅጂ ስታስቀምጡ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በምን ዕቃ እንደተጫወታችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደነበራችሁ ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።

ወጣቶቹ በመጨረሻ ፍላሻቸውን ሰጡኝ። ስድስት ዘፈን ነበረበት። አምስቱ የታወቁ ዘፈኖች ናቸው፤ በጥሩ ሁኔታ ተጫውተዋቸዋል፤ ምንም አላልኩም። ስድስተኛው የራሳቸው ነው። ሌሊት ደክሟቸው፣ ስቱዲዮው ሊዘጋ ሲል፣ በመጨረሻ የቀዱት። ድራሙ ይጓተታል፤ ድምጻዊው ሁለት ቦታ ከኪይ ወጥቷል። ዜማው መሐል ላይ ግን ከትዝታ ወደ ሌላ ቅኝት የሚሸጋገርበት አራት ምት አለ። ቆም አድርጌ ደግሜ አሰማኋቸው። ኪቦርዲስቱ «ይሄን እኮ ረስተነው ነበር» አለ። ፍላሹ ላይ ቀኑን ጽፈን ለጠፍንበት፤ የቀጠሯቸውን የመጀመሪያ ሦስት ሰዓት ለዚያ ዘፈን ያዝን።